ባቡር የተወው፤ እግረኛ የወረሰው መንገድ

ልጆች ሳለን ሐዲድ ስንሻገር «ግራና ቀኛችሁን ተመልከቱ!» እየተባልን ነው ያደግነው። ከመካከላችን ደፋር የነበረው ጆሮውን ከብረቱ ላይ አስጠግቶ ያዳምጥና «መጣ!» ሲል ሁላችንም እንበታተን ነበር። እነሆ በቅርቡ ከመተሐራ ተነሥተን በዚያው በአሮጌው ሐዲድ ላይ ሁለት ቀን ስንጓዝ አንድ ጊዜም ወደ ኋላችን አልተገላመጥንም። የሚመጣ ባቡር የለምና። መንገዱ ግን ባዶ አልነበረም፤ እንዲያውም በዋና ከተማችን ካሉት አንዳንድ የእግረኛ መንገዶች የበለጠ ሰው አገኘንበት። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወራ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

ለጉዞው ምክንያት የሆነን አንድ ወጣት ተማሪ ነው። ስለ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስንጨዋወት ሳለ «አሮጌው ሐዲድስ አሁን ምን ሥራ ይሠራል?» ሲል ጠየቀን። እኛም ሳናስብ «ምንም አይሠራ፤ ተትቷል» ብለን መለስንለት። ማታ ከቤታችን ገብተን ስናሰላስለው ግን መልሳችን አሳፈረን። ሳያዩ መመስከር ለጋዜጣ ሰው የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺያችንንና ሾፌራችንን ይዘን ወጣን።

ጉዞውን ከመተረካችን በፊት ስለ ሐዲዱ ጥቂት ማውሳት ያስፈልጋል። «ለገሀር» የሚለውን ስም በየቀኑ የሚጠራ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ቃሉ «ላ ጋር»፣ ማለት «ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው። አፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ ለማሠራት ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው ወደ ሐረር ሊወጣ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፤ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማም በዚሁ ምክንያት ተወለደች። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1899 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ እርስ በርሳቸው ሲዋዋሉ የባቡሩንም ጉዳይ በውላቸው ውስጥ አገቡት። በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለና ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ለመሥራት 20 ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ከዚያም በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው።

በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ የአሮጌውን ባቡር ዕጣ የወሰነው አንዱ ነገር እርሱ ነውና። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ላይ አንዲት ስንዝር እንኳ ሊሄድ አይችልም። የአሮጌው ኩርባም ለፈጣን ባቡር አይመችምና አዲሱ የራሱን መሥመር ይዞ ተሠራ። በአሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው ክፍል አገልግሎቱ የተቋረጠው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ባቡሩ ቀረ፤ ሐዲዱ፣ ድልድዩ፣ ጣቢያውና ሠራተኛው ግን እዚያው ቀሩ።

መተሐራ የደረስነው ሐሙስ ማታ ነው። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ አሮጌው ጣቢያ ስንሄድ አንድ ረዘም ያሉ ሽማግሌ ፎጣቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። የሾፌራችን ዘመድ ስለ መምጣታችን ነግሯቸው ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ?» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባቡሩን ልትጠብቁ ከሆነ የመጣችሁት ጥቂት አርፍዷል፤ ዐሥራ ምናምን ዓመት!» ብለው ሳቁ።

እኒህ ሰው በ1970 ዓ.ም. ገደማ በጉልምስናቸው ተቀጥረው፣ ባቡሩ እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስ በሐዲድ ጥገና ያገለገሉ ናቸው። ሥራቸው በየዕለቱ በተመደበላቸው ክፍል በእግራቸው እየሄዱ ሐዲዱን መመርመር ነበር። መዶሻቸውን ይዘው ብሎኑን ይመታሉ፤ የላላ እንደ ሆነ ድምፁ ይለወጣል። «መስማት ነው ሥራው» አሉን። «ዓይን ይሳሳታል፤ ብረት ግን አይዋሽም። ሾፌሩ እዚያ ላይ ሆኖ የሚያየው ሩቁን ነው፤ እኛ ደግሞ ከእግሩ ሥር ያለውን እናይለታለን።»

መንገድ ስንጀምር ፎቶግራፍ አንሺያችን በሐዲዱ መካከል፣ አግድም ከተነጠፉት ብረቶች አንዱን እየረገጠ ሌላውን እየዘለለ ለመሄድ ሞከረ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ብረቶቹ የተነጠፉት ግን ለባቡር ክብደት እንጂ ለሰው እርምጃ አይደለም፤ አንዱን በአንድ ቢረግጡ እርምጃው ያጥራል፤ አንዱን ዘለው ቢረግጡ ይረዝማል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወዳጃችን አንድ እግሩን ከጠጠሩ ውስጥ ቀብሮ ቁርጭምጭሚቱን እያሸ ተቀመጠ። ሽማግሌውም ምንም ሳይሉ በከዘራቸው ወደ ጎን አመለከቱት። ከሐዲዱ አጠገብ፣ በድልድሉ ትከሻ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስኬድ፣ እግር የላሰው ቀጭን መንገድ ነበር።

«ይኼ የማን መንገድ ነው?» አልናቸው።

«የኛ ነበር» አሉ። «እኛ ሐዲድ ጠባቂዎቹ ነን በእግራችን ያወጣነው። አሁን የሁሉም ሆነ።»

ይህ ቃል ብዙ አሳሰበን። ባቡር ሲሄድ በነበረበት ዘመን ሁሉ ከባቡሩ ጎን ለጎን አንድ የእግር መንገድ ነበር ማለት ነው። ታሪክ ስንጽፍ ስለ ሎኮሞቲቩ፣ ስለ ፉርጎው፣ በአንደኛ ማዕርግ ስለ ተሳፈረው እንግዳ እንጽፋለን፤ መዶሻ ይዞ በጎኑ ስለሚሄደው ሰው ግን አንድ መሥመር የጻፈ የለም። ባቡሩ ሲጠፋ የቀረው ደግሞ የዚያ ሰው መንገድ ነው።

ከጣቢያው ወደ ምዕራብ እንደ ሄድን የበሰቃ ሐይቅ ከፊታችን ተዘረጋ። በቀኛችን የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ ከሥሩም እሳተ ገሞራው የተፋው ጥቁር ድንጋይ እስከ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። ይህ ሐይቅ ልዩ ጠባይ አለው። ሌሎች ሐይቆች ደረቁ፣ ጎደሉ ሲባል እርሱ ይጨምራል። በ1950ዎቹ ዓመታት ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ የከርሰ ምድር ውኃ መጨመሩንና በአካባቢው ከተስፋፋው መስኖ የሚሰርገውን ውኃ ያነሣሉ። ውኃው ጨዋማ ስለ ሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይሆንም፤ የነካውን ግጦሽ ያበላሻል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ አካባቢ ምድር በተደጋጋሚ እየተንቀጠቀጠች ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው እንዲነሣ ግድ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ሐዲዱ የተዘረጋው ከታችም ከጎንም ዕረፍት በሌላት ምድር ላይ ነው።

«ሐይቁ አንድ ጊዜ ከፍ ሲል እኛ ሐዲዱን ሁለት ጊዜ ከፍ እናደርግ ነበር» አሉን ሽማግሌው። ድንጋይ እየተጫነ ይመጣል፤ ይደፋል፤ ሐዲዱ ይነሣል፤ እንደ ገና ይነጠፋል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ውኃው ተመልሶ ይደርስበታል። በዚህ ድንጋይ ላይ ደረቅ እስከ ሆነበት ድረስ ሄድን። ነፋስ ሲነፍስ ውኃው የድንጋዩን ጫፍ ይልስ ነበር። አንዲት ነጭ ወፍ ከሐዲዱ ብረት ላይ ቆማ ስትመለከተን፣ እኛም ከዚያ ማለፍ እንደማይገባን ተረዳንና ተመለስን። አውራ ጎዳናውም በዚሁ ሐይቅ ምክንያት ከፍ ከፍ እየተደረገ መሠራቱን ለሚያስታውስ ሰው ይህ የአንድ አሮጌ ሐዲድ ችግር ብቻ አይደለም።

ወደ መተሐራ ስንመለስ ፀሐይ ወጥታለች፤ መንገዱም ሞልቷል። ቢጫ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች፣ ማገዶ የጫኑ አህዮች፣ ግመሎቹን እየመራ የሚሄድ የከረዩ ጎልማሳ፣ ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ የሚሄድ ወጣት አገኘን። ሁሉም ያችኑ ቀጭን መንገድ ይዘው አንዱ ለአንዱ እየተላቀቀ ያልፋል። ግመሎቹ ሲመጡ ሁሉም ከድልድሉ ይወርዳል፤ ይህ ሕግ በየትም አልተጻፈም።

ሰዎቹ ስለምን ይህን መንገድ መረጡ? መልሱ ከባቡር ጠባይ የሚመነጭ ነው። የባቡር መንኮራኩር ብረት፣ ሐዲዱም ብረት ስለ ሆነ፣ ዳገቱ ጥቂት እንኳ ቀጥ ያለ እንደ ሆነ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ዞረው፣ ጉድጓዱን ሞልተው፣ ጉብታውን ቆርጠው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሚገኘው ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳርቻ ድረስ ቀስ ብሎ የሚወርድ መንገድ አበጁ። ለሎኮሞቲቭ የተሠራ ልስላሴ ለአሮጊት እግርና ለተጫነች አህያም ይመቻል። ድልድሉም ከሜዳው ከፍ ያለ፣ ጠጠር የተነጠፈበት ስለ ሆነ ዝናብ ሲጥል ጭቃ አይዝም። ይህን ሁሉ ሰዎቹ ከማንም ሳይማሩ በእግራቸው ያውቁታል።

ከመተሐራ ወደ አዋሽ በሚወስደው በኩል አንድ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዝን አንዲት ተማሪ ከሁለት ታናናሾቿ ጋር ስትመጣ አገኘናት። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነች። ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሁልጊዜ በዚህ ነው የምትመጪው?» አልናት።

«አዎ። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና አለ። እናቴ በሐዲዱ ሂጂ ነው የምትለኝ።»

ይህ ከጂቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት የሚያልፍበት አውራ ጎዳና ነው። ቀንና ሌሊት ተሳቢ የጫነ መኪና ይርመሰመስበታል። የልጅቷ እናት የመንገድ ጥናት አልተማረችም፤ ፍርዷ ግን ትክክል ነው።

«ችግር የለውም ታዲያ መንገዱ?» ስንላት ልጅቷ ዝም አለች። ታናሽ ወንድሟ ግን ፈጥኖ «ድልድዩ!» አለ።

ድልድዩን ለማየት ከነርሱ ጋር ወደ መጡበት ልንመለስ አልወደድንም፤ ትምህርት ቤት ይረፍድባቸዋልና። ሽማግሌው ያውቁት ነበርና እርሳቸው መሩን። ትልቅ ድልድይ አይደለም። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ድልድሉን እንዳያፈርሰው ታስቦ የተሠራ የውኃ መውረጃ ነው። ግራና ቀኙ በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ፣ ከአናቱ ሁለት ወፋፍራም የብረት ተሸካሚዎች የተጋደሙበት ነው። ግንቡ አሁንም እንደ ተሠራ ነው፤ አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም። ነገር ግን ከላዩ የነበረው ሐዲድ ተነቅሏል፤ መርገጫውም የለም። የተረፉት ሁለቱ ተሸካሚዎች ብቻ ናቸው። ተማሪዎቹ በአንደኛው ብረት ላይ አንዱ የአንዱን እጅ ይዘው ይሻገራሉ። በበጋ ከሥሩ አሸዋ ነው። በክረምት ግን ምን እንደሚመስል ከግንቡ ላይ የቀረው የውኃ ምልክት ይናገራል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱ መሰበሩን ሽማግሌው ነገሩን።

ሐዲዱን ማን እንደ ነቀለው አልጠየቅንም። ብረት ዋጋ አለው፤ ድኻም ብዙ ነው፤ ከድኻው የበለጠ ደግሞ ከድኻው የሚገዛው ሰው አለ። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ከግንብ እስከ ግንብ እየጋደሙ ቦታውን ለኩ፤ ከዚያም ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ቁጥሩን ከቀድሞው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ከዚህ በፊት ለክተውት ኖሯል!

«ለምን ለኩት፣ አባባ?»

«አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ ነዋ» አሉ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ሽማግሌውን በመኪናችን አሳፍረን ወደ አዋሽ ሄድን። አዋሽ በቀድሞው ዘመን ለመንገደኛ ትልቅ ስም ነበራት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ከአዲስ አበባ ጂቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል። በጣቢያው አጠገብ የነበረው ቡፌም የተነሣው ለዚሁ እንግዳ ሲባል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጠላት ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ጂቡቲ የተጓዙት በዚሁ ሐዲድ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ የዛፍ ጥላ አለ፤ ከጥላው ሥር የሚጫወቱ ልጆች አሉ። ስለ ሕንፃው ውበት ሌሎች ብዙ ስለ ጻፉ እኛ እናልፈዋለን።

ሽማግሌው ግን ወደ ጣቢያው አልገቡም። በሐዲዱ ላይ ጥቂት ሄደው፣ መሥመሩ ወደ ገደሉ በሚታጠፍበት በኩል ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ገደል ገቡ። ከ400 የሚበልጥ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከታወቁት አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ሽማግሌው ያን ጊዜ ወጣት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሬሳ ለማንሣት ከተላኩት አንዱ ናቸው። ስለዚያ ቀን ሊነግሩን ጀምረው ተዉት። እኛም አልገፋፋናቸውም። ከኋላችን አንዲት ሴት ፍየሎቿን እየነዳች መጣች፤ ሰላምታ ሰጥታን በዚያችው ቀጭን መንገድ አለፈች።

እሑድ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ሰኞ ስለ ድልድዩ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። በትሕትና ተቀበሉንና ነገሩ የባቡር ስለ ሆነ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እንድንሄድ ነገሩን። ሁለተኛው መሥሪያ ቤት ደግሞ ባቡር የማይሄድበት ከሆነ ነገሩ የመሬት ነው አለን። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አንጠራም፤ ሁለቱም እንደ ደንባቸው እውነት ተናግረዋል። እዚያ ያገኘነው አንድ ወጣት ሹም ግን መዝገቡን ገልብጦ ካየ በኋላ በቅንነት «ባቡር የማይሄድበት፣ ሰው የሚሄድበት ሐዲድ የሚል ርእስ የለንም» አለን። ሳቅንም አዘንንም። ችግሩን እርሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎታል።

ርእሱን ሌሎች አገሮች እንዴት እንዳገኙት ማወቅ ለዚህ ወጣትና ለባልደረቦቹ ይጠቅም ይሆናል። በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ፣ ባቡር ያቆመበት አንድ መሥመር ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ሜይ ቲልጋርድ ዋትስ የተባሉ፣ ዕድሜያቸው 70 የደረሰ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪ፣ መሬቱ ተቆራርሶ ሳያልቅ የእግር መንገድ ይሁን ብለው ለ«ቺካጎ ትሪቢዩን» ጋዜጣ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ያ ደብዳቤ ሰው አሰባሰበ፤ መንገዱም ተከፈተ፤ ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከ20 ዓመት በኋላ በ1983 ዓ.ም. የአገሪቱ ምክር ቤት አንድ ብልሃት ያለበት ሕግ አወጣ። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የባቡር ኩባንያ አንድን መሥመር ሲተው መሬቱ ለየባለ ርስቱ ተበትኖ እንዳይቀር፣ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኖ ሳይቆረስ ይቆያል፤ ወደ ፊት ባቡር ቢያስፈልግ ተመልሶ ሐዲድ ይነጠፍበታል። ማለት፣ መሬቱ በባንክ እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ይጠበቃል፤ እግረኛውም የባንኩ ዘበኛ ነው። የስፔን ሰዎችም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የተተዉ ሐዲዶቻቸውን «አረንጓዴ መንገዶች» ብለው ሰይመው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አበጅተዋል። በኒውዮርክ ከተማ ደግሞ ከመንገድ በላይ በብረት ምሰሶ የተሠራ፣ በ1980 ዓ.ም. የመጨረሻው ባቡር ያለፈበት ሐዲድ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ በተራ የአትክልት መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በዓለም የታወቀ ነው።

እነዚህን ምሳሌዎች ስናመጣ በመተሐራ ሜዳ ላይ አበባ ይተከል፣ አግዳሚ ወንበርም ይደርደር ማለታችን አይደለም። የፈረንጅ የእግር መንገድ ከሥራ ላረፈ ሰው መንሸራሸሪያ ነው። የኛው ግን የሥራ መንገድ ነው፤ ውኃ፣ ማገዶ፣ ከብትና ደብተር የሚያልፍበት። በዚህ ምክንያት ከነርሱ ይልቅ እኛ ልንቸኩል ይገባን ነበር። ደግሞም እነርሱ ሕግ አውጥተው፣ ገንዘብ መድበው ሰው ወደ መንገዱ እንዲመጣ ለመኑ፤ እኛ ጋ ሰው ሳይለመን መጥቷል።

አንድ ነገር በተለይ ልናሳስብ እንወዳለን። የዚህ መሥመር ዋጋ በብረቱ አይደለም። ብረቱ ተሽጦ ያልቃል። ዋጋው ያለመቆረጡ ነው። ሐበሻው፣ ሱማሌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩና ጣልያኑ ሃያ ዓመት ያህል በፀሐይና በንዳድ ውስጥ ቆፍረው፣ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያስገኙት አንድ ወጥ መቀነት ነው። ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በጂቡቲ ምድር፣ የቀረው በእኛ ነው። ከመቶ ስፍራ በአንዱ አጥር ቢታጠርበት፣ ቤት ቢሠራበት ወይም አንድ የውኃ መውረጃ ቢፈርስበት፣ የቀረው ዘጠና ዘጠኙ መንገድ መሆኑ ያቆማል፤ ቁርጥራጭ መሬት ይሆናል። የተቆረጠውን መልሶ ለመቀጠል ደግሞ ካሳ፣ ክርክርና ፍርድ ቤት ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ ከለገሀር ተነሥቶ ሐዲዱን በእግሩ ለመከተል የሚሞክር ሰው ብዙ ሳይሄድ ግንብ ይገጥመዋል። በመተሐራና በአዋሽ መካከል ግን ገና ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ጥቂት ጣውላ፣ አንድ ካርታና «ይህ መንገድ ነው» ብሎ በመዝገብ የሚጽፍ አንድ እጅ ነው።

ያ ወጣት ሹም ከቢሮው ሊሸኘን ሲወጣ «እንግዲያው ማመልከቻ ጻፉልኝ፤ ርእሱን እኔ እፈልግለታለሁ» አለን። እኛም የዚያኑ ዕለት ጻፍን። ለጣውላው ልክ እንዲሆነን ለሽማግሌው በስልክ ደወልንላቸው። ወረቀታቸውን እስኪያወጡ ጥቂት ጠበቅን። ከግንብ እስከ ግንብ 3 ሜትር ከ20፤ ስለዚህ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ወፍራም ጣውላ፣ ስድስት ቁራጭ። መደገፊያ የሚሆን ቧንቧም ሁለት።

«ብሎንስ፣ አባባ? ስንት ብለን እንጻፍ?»

«ብሎን አትጻፉ» አሉን። «ብሎኑ እኔ ቤት አለ። ከሥራ ስንሰናበት በቆርቆሮ አድርጌ፣ ዘይት ቀብቼ አስቀምጬዋለሁ።»